ሕዝብን የሚያነጋግር ዲፕሎማሲ፦ ከዳጉ እስከ ድንቅነሽ

መግቢያ

የአገሮች ግንኙነት ሲባል በብዙዎቻችን ሐሳብ ቶሎ የሚመጣው አምባሳደርና ሚኒስትር፣ ረጅም ጠረጴዛና የተፈረመ ወረቀት ነው። ነገሩ እውነት ነው፤ ግን ግማሹ ብቻ ነው። ሌላው ግማሽ የሚሠራው በትምህርት ቤትና በገበያ፣ በሬዲዮና በሙዚየም፣ እንዲሁም የጂቡቲ መንገድ ሾፌሮች ሻይ በሚጠጡበት ደጅ ጭምር ነው። ይህ ሁለተኛው ግማሽ «ፐብሊክ ዲፕሎማሲ» ወይም በአገራችን አነጋገር «የሕዝብ ዲፕሎማሲ» ይባላል።

በዚህ ጽሑፍ ሦስት ጥያቄዎችን እናነሣለን። የሕዝብ ዲፕሎማሲ ምንድን ነው? እንዴት ይሠራል፣ መቼስ ይከሽፋል? ለአንድ እጩ መምህር፣ በተለይም በሚሌና በአካባቢዋ ለሚያስተምር፣ ምን ያገባዋል? ምሳሌዎቹን በተቻለ መጠን ከኛው ከአዋሽ ሸለቆ እንወስዳለን። ሸለቆው ለዚህ ትምህርት የሚሆን በቂ ነገር አለውና።

1. ምንነቱ

መደበኛው ዲፕሎማሲ መንግሥት ከመንግሥት የሚነጋገርበት ነው። የሕዝብ ዲፕሎማሲ ግን አንድ አገር የሌላውን አገር ሕዝብ በቀጥታ የሚያነጋግርበት፣ የሚያዳምጥበትና ወዳጅ የሚያደርግበት ሥራ ነው። ቃሉን በዛሬው ትርጉሙ ያስለመዱት አሜሪካዊው ዲፕሎማት ኤድመንድ ጋሊየን ሲሆኑ፣ ይኸውም እ.ኤ.አ. በ1965 በተፍትስ ዩኒቨርስቲ የፍሌቸር ትምህርት ቤት ዲን በነበሩበት ጊዜ ነው። ሥራው ግን ከቃሉ እጅግ የቆየ ነው።

የታሪክ ምሁሩ ኒኮላስ ከል ይህን ሥራ በአምስት ይከፍለዋል፦ ማዳመጥ፣ አቋምን ማስረዳት፣ ባህልን ማሳየት፣ የሰው ልውውጥና ወደ ውጭ የሚተላለፍ ዜና። ምሁሩ ማዳመጥን በመጀመሪያ ማስቀመጡን ልብ እንበል። ብዙ መንግሥታት ከመናገር ይጀምራሉ፤ ችግሩም የሚመጣው ከዚያው ነው።

2. ዳጉ የሚያስተምረን

ማዳመጥና መናገር እንዴት እንደሚያያዙ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ሁለት አፋሮች በመንገድ ሲገናኙ ዝም ብለው አይተላለፉም። ቆመው፣ ጊዜ ካላቸውም በጥላ ሥር ተቀምጠው፣ ዳጉ ይለዋወጣሉ። ስለ ጤና፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ግጦሽና ውኃ፣ ስለ ከብት፣ ስለ ገበያ፣ ስለ ጠብና ዕርቅ፣ ወደ አካባቢው ስለገባ እንግዳ ይጠያየቃሉ። አንዱ ይጠይቃል፣ ሌላው ይመልሳል፤ ከዚያ ተራው ይለወጣል።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ ለትምህርታችን የሚጠቅሙ ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ ዳጉ ነጋሪ ያየውን ከሰማው ለይቶ ይናገራል፤ የሰማውንም ከማን እንደሰማ ይጠቅሳል። ሁለተኛ፣ ሐሰት የነገረ ሰው በማኅበረሰቡ ዘንድ ይጠየቃል፤ ከሁሉ የሚብሰው ግን ቃሉ መርከሱ ነው፤ ዳግመኛ የሚያምነው የለም። ሦስተኛ፣ ዳጉ የጋራ ነው፤ ለመቀበል የሚፈልግ መስጠትም አለበት። አፋሮች በኢትዮጵያ፣ በጂቡቲና በኤርትራ ስለሚኖሩ ወሬው የመንግሥታት ድንበር አያግደውም።

እንግዲህ ዓለም አቀፍ ግንኙነትን ያጠኑ ሰዎች «ተአማኒነት» የሚሉት ይኸው ነው። የሕዝብ ዲፕሎማሲ ትልቁ ሀብት ገንዘብ ወይም ማሠራጫ ጣቢያ አይደለም፤ ቃልህ መታመኑ ነው። ይህን መስፈሪያ ይዘን ወደ አገራችን ታሪክ እንመለስ።

3. ከአገራችን ታሪክ ጥቂት ምሳሌዎች

አቋምን ስለ ማስረዳት። ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው የፋሺስት ኢጣልያን ወረራ በአማርኛ ከሰሱ። የኢጣልያ ጋዜጠኞች በፉጨት ሊያቋርጧቸው ሞከሩ። በመደበኛው ዲፕሎማሲ ሚዛን ንግግሩ አልተሳካም ማለት ይቻላል፤ ማኅበሩ በኢጣልያ ላይ የጣለውን ማዕቀብ በዚያው ክረምት አነሣ። በሕዝብ ዲፕሎማሲ ሚዛን ግን ፍሬው ሌላ ነው። በእንግሊዝ አገር ሲልቪያ ፓንክኸርስት የኢትዮጵያን ጉዳይ የሚያሰማ ጋዜጣ በዚያው ዓመት አቋቁማ እስከ እ.ኤ.አ. 1956 ድረስ አዘጋጀች። መንግሥታት ፊታቸውን ባዞሩ ጊዜ ያልተለዩን ሕዝቦች ነበሩ።

ስለ ሰው ልውውጥ። ይህ ምሳሌ ለመምህራን ይቀርበናል። በ1955 ዓ.ም. መግቢያ ከ270 በላይ የአሜሪካ የሰላም ጓድ አባላት ወደ ኢትዮጵያ መጡ፤ አብዛኞቹ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተመድበው አስተማሩ። አሜሪካ በዚህ የኢትዮጵያን ወጣት ልብ ለመማረክ እንዳሰበች የታወቀ ነው። ነገር ግን መንገዱ ሁለት አቅጣጫ ነበረው። በወሊሶ ያስተማረው ወጣት ፖል ሶንጋስ ኋላ የአሜሪካ ሴናተር ሆኗል፤ እ.ኤ.አ. በ1992 ለፕሬዚዳንትነት ዕጩነትም ተወዳድሯል። ለማስተማር የመጣው ሰው ተምሮም ይመለሳል ማለት ነው። የመማሪያ ክፍል ሁለት ሕዝቦች ረጅም ጊዜ ፊት ለፊት የሚተያዩበት ቦታ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

ወደ ውጭ ስለሚተላለፍ ዜና። የአሜሪካ ድምፅ ሬዲዮ የአማርኛ ፕሮግራሙን እ.ኤ.አ. በ1982፣ ቢቢሲም በ2017 ጀምረዋል። ሁለቱም የውጭ መንግሥታት ባቋቋሟቸው ድርጅቶች ሥር ሆነው በእኛው ቋንቋ አነጋግረውናል። አድማጩ ግን ሞኝ አይደለም፤ ያደመጠውን በዓይኑ ካየው ጋር ያስተያያል። እዚህም ላይ የዳጉ ሕግ ይሠራል።

4. ዝምታ ያስከፈለው ዋጋ

አንድ አገር ስለ ራሱ እውነቱን ካልተናገረ ሌላው ይናገርለታል። ከ1977 ዓ.ም. የበለጠ ይህን የሚያስረዳ ዘመን የለንም።

በመስከረም 1977 ዓ.ም. የደርግ መንግሥት የአብዮቱን 10ኛ ዓመት በአዲስ አበባ በታላቅ ድግስ ሲያከብር፣ በወሎና በትግራይ ሕዝብ በረሀብ እያለቀ ነበር። የውጭ ጋዜጠኞችም በበዓሉ ሰሞን ወደ ሰሜን እንዳይሄዱ ይከለከሉ ነበር። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚንና የቢቢሲው ማይክል በርክ ከኮረም ያመጡት ፊልም በዓለም ቴሌቪዥን ታየ። ዓለም ደነገጠ። በሐምሌ ወር 1977 በለንደንና በፊላዴልፊያ ለእርዳታ የተዘጋጀው ታላቅ የሙዚቃ ትርኢት የዚሁ ውጤት ነበር።

ይህ ታሪክ ለሚሌ የሩቅ አይደለም። አሰብ ወደብ የደረሰው እህል በከፊል በዚሁ መንገድ አልፎ፣ ከሚሌ ወደ ባቲና ኮምቦልቻ በሚገነጠለው ጎዳና ወደ ወሎ ይወጣ ነበር። ባቲም በዚያ ዘመን ታላቅ የተረጂዎች መጠለያ ነበረባት።

ከፊልሙ ሁለት ነገር ወጣ። የመጀመሪያው ሕይወት ነው፤ እርዳታው ብዙ ሰው አድኗል፤ ይህን መካድ ተገቢ አይደለም። ሁለተኛው ግን ስም ነው። በብዙ የውጭ ሰዎች አእምሮ «ኢትዮጵያ» የሚለው ቃልና የተራበ ሕፃን ሥዕል ተጣብቀው ቀሩ። በጳጉሜን 1952 አበበ ቢቂላ በሮም ጎዳና በባዶ እግሩ ሮጦ ያስከበረው ስም እንኳ በዚያ ሥዕል ተሸፈነ። መንግሥት ቀደም ብሎ እውነቱን ገልጦ ቢሆን ኖሮ ረሀቡ ባይቀር እንኳ የሚሞተው ሰው ይቀንስ ነበር፤ ነጋሪውም እኛው ራሳችን በሆንን ነበር።

በ1980 ዓ.ም. ገደማ «ሕዝብ ለሕዝብ» የተባለ የኪነት ቡድን ወደ ልዩ ልዩ አገሮች ተጉዞ በሙዚቃና በጭፈራ የእርዳታውን ምስጋና አቀረበ፣ የአገራችንንም ባህል አሳየ። ሐሳቡ ያማረ ነበር፤ የተረዳ ሕዝብ ቆሞ ያመሰግናል፣ ከችግሩ ሌላ ማንነት እንዳለውም ያሳያል። ሆኖም አንድ ጊዜ የተያዘ ሥዕል በአንድ ጉዞ አይፋቅም። ለዚህ ረጅም ጊዜ የሚኖር፣ ማንም መጥቶ ሊመረምረው የሚችል ነገር ያስፈልጋል። እንዲህ ያለው ነገር የተገኘው ከአዋሽ ሸለቆ አፈር ውስጥ ነው።

5. የድንቅነሽ መልእክተኛነት

ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. በሐዳር ዶናልድ ዮሐንሰንና ቶም ግሬይ የአንዲት ጥንታዊት ፍጡር አጥንቶች አገኙ። ከአፅሙ 40 በመቶ ያህሉ ተሰበሰበ፤ ዕድሜውም 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሆኖ ተገመተ። ዓለም «ሉሲ»፣ እኛ «ድንቅነሽ» አልናት። እ.ኤ.አ. በ1978 ዝርያዋ ሳይንሳዊ ስም ሲወጣለት «አውስትራሎፒተከስ አፋረንሲስ» ተባለ። ይህን ስም ልብ ብለን እንመልከተው። በየትኛውም አገር፣ በየትኛውም ቋንቋ ስለ ሰው አመጣጥ የሚማር ተማሪ «አፋር» የሚለውን ቃል ሳይጠራ አያልፍም። ማንም አምባሳደር ይህን ያህል ክፍል ውስጥ አልገባም።

ግኝቱ በአንዲት አጥንት አልቆመም። እ.ኤ.አ. በ1980 የታችኛው አዋሽ ሸለቆ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ። እ.ኤ.አ. በ2000 በዘረሰናይ ዓለምሰገድ የሚመራው ቡድን ከሐዳር ማዶ በዲኪካ «ሰላም» የተባለችውን፣ 3.3 ሚሊዮን ዓመት የሆናትን ሕፃን አገኘ። በጎና ደግሞ ስለሺ ሰማውና ባልደረቦቹ 2.6 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠሩ የድንጋይ መሣሪያዎችን ለዓለም አስታወቁ። የኛው የሚሌ ስም ያለበት የወራንሶ-ሚሌ የምርምር ቦታም አለ። በዚያ በየካቲት 2008 ዓ.ም. በሚሮ ዶራ አንድ የአካባቢው አፋር አርብቶ አደር የመንጋጋ አጥንት አይቶ ለዮሐንስ ኃይለ ሥላሴ አሳየ። በፍለጋውም ሙሉ ለማለት የሚቻል የ3.8 ሚሊዮን ዓመት የራስ ቅል ተገኘ፤ ዜናው በነሐሴ 2011 ዓ.ም. ወጥቶ ዓለምን አዳረሰ። የዜናው መነሻ ማን እንደሆነ እናስተውል፦ አንድ አርብቶ አደር ያየውን ለሚመለከተው ሰው በትክክል መናገሩ ነው። ይህ ዳጉ ነው።

ታዲያ አጥንቶቹ ለዲፕሎማሲ እንዴት አገለገሉ? ድንቅነሽ በ1999 ዓ.ም. ክረምት ወደ አሜሪካ ሄዳ ከነሐሴ ወር ጀምሮ በሂዩስተን የተፈጥሮ ሳይንስ ሙዚየም ለሕዝብ ታየች። ወደ ሌሎች ከተሞችም ተዘዋውራ በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ወደ አገሯ ተመለሰች። ጉዞው ብዙ ክርክር አስነሥቶ ነበር። ደጋፊዎቹ «ኢትዮጵያን የሰው ዘር መገኛ አድርጎ ያስተዋውቃል፣ ጎብኚም ይስባል» አሉ። የአጥንት ጥናት ባለሞያዎች በበኩላቸው «የማይተካ ቅርስ ነው፤ በመንገድ ቢሰበርስ?» ብለው ተቃወሙ፤ የስሚዝሶንያን ሙዚየምም ለማሳየት ፈቃደኛ ሳይሆን ቀረ። በሲያትል የመጣው ተመልካች ከታሰበው እጅግ ያነሰ በመሆኑ አስተናጋጁ ተቋም ከሰረ።

በሌላ ወገን ሐምሌ 20 ቀን 2007 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ባራክ ኦባማ አዲስ አበባ በመጡ ጊዜ፣ አጥንቶቹ ከሙዚየሙ ወደ ብሔራዊ ቤተ መንግሥት ተወስደው በዘረሰናይ ዓለምሰገድ ገላጭነት ታዩ። ኦባማም በእራት ግብዣው ንግግራቸው ድንቅነሽን አንሥተው የሰው ልጅ ሁሉ የአንድ ቤተሰብ መሆኑን ተናገሩ። ንግግሩ ከፖለቲካው ዜና ጋር ተያይዞ በየአገሩ ተሰማ። በነሐሴ 2017 ዓ.ም. ደግሞ ድንቅነሽና ሰላም ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አውሮፓ ተሻግረው በፕራግ ብሔራዊ ሙዚየም ለሁለት ወር ያህል ታይተዋል።

ከዚህ ሁሉ የምናገኘው ትምህርት ምንድን ነው? አንደኛ፣ ቅርሱ የሚናገረው በእውነተኛነቱ ነው፤ ሳይንቲስቱ ሊመረምረው፣ ሊከራከርበትም ይችላል። ሁለተኛ፣ መልእክቱ «እኛ ከእናንተ እንበልጣለን» ሳይሆን «የእናንተም መነሻ እዚህ ነው» የሚል ስለሆነ አድማጩን ያቀርባል። ሦስተኛ፣ ዘረሰናይ፣ ዮሐንስና ስለሺን የመሳሰሉ ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች ግኝቱን ራሳቸው ለዓለም ማስረዳታቸው፣ በ1977 ያጣነውን የነጋሪነት ቦታ መልሶልናል። አራተኛ፣ የማይተካን ነገር ማስጓዝ አደጋ አለው፤ ጥቅሙ በጉጉት ሳይሆን በጥንቃቄ መመዘን ይገባዋል።

6. ገደቡ

የሕዝብ ዲፕሎማሲ ሁሉን የሚፈውስ መድኃኒት አይደለም። የዓባይን ጉዳይ እንመልከት። በሚያዝያ 2003 ዓ.ም. ከግብፅ አብዮት በኋላ የፖለቲካ ሰዎችና ታዋቂ ግለሰቦች የተካተቱበት የግብፅ ሕዝብ ልዑካን ቡድን ወደ አዲስ አበባ መጣ። ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊም የናይል ተፋሰስ የትብብር ማዕቀፍ ስምምነትን ማጽደቁ በግብፅ የተመረጠ መንግሥት እስኪቋቋም እንዲዘገይ ተስማሙ። መደበኛው ድርድር በቀላሉ የማያስገኘውን የሕዝብ ልዑክ አስገኘ ማለት ነው።

ሁለት ዓመት ቆይቶ ግን ግንቦት 26 ቀን 2005 ዓ.ም. በካይሮ በፕሬዚዳንት ሙርሲ ሰብሳቢነት የተደረገ ውይይት በቴሌቪዥን በቀጥታ ተላለፈ። ከተሰብሳቢዎቹ አንዳንዶቹ ይህን ሳያውቁ በኢትዮጵያ ላይ ሊፈጸም ስለሚችል ተንኮል በግልጽ ተናገሩ። የኢትዮጵያ ሕዝብም ሰማ። በ10 ቀን ውስጥ፣ ሰኔ 6 ቀን፣ የኢትዮጵያ ፓርላማ ስምምነቱን በሙሉ ድምፅ አጸደቀ። በእርግጥ ለማጽደቁ ሌሎች ምክንያቶችም ነበሩ፤ በእንግድነት የተነገረው ጥሩ ቃል ግን በቤት ውስጥ በተነገረው ክፉ ቃል መፍረሱ አይካድም። በታኅሣሥ 2007 ዓ.ም. በአፈ ጉባኤ አባዱላ ገመዳ የተመራ የኢትዮጵያ የሕዝብ ዲፕሎማሲ ቡድን በተራው ወደ ካይሮ ሄዷል። ጉብኝቱ ንግግሩን አለዘበው እንጂ የውኃውን ጥያቄ አልፈታውም።

ስለዚህ ደንቡ ይህ ነው፦ ለውጭ ሰው የምንናገረውና እቤታችን የምንናገረው አንድ መሆን አለበት። የምንናገረውና የምንሠራውም እንዲሁ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።

7. የመምህሩ ድርሻ

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። ሚሌ የምትገኘው ከአዲስ አበባ በአዋሽ በኩል ወደ ሰመራና ጂቡቲ በሚወስደው ጎዳና ላይ ነው። ከ1990 ዓ.ም. ጦርነት ወዲህ የአገሪቱ አብዛኛው የወጪና ገቢ ጭነት ወደ ጂቡቲ ዞሯል። ሾፌሩ፣ ነጋዴው፣ ተመራማሪው፣ ጎብኚው በዚህ ያልፋል። እያንዳንዱም ስለ አገሩና ስለ ሕዝቡ አንድ ነገር ይዞ ይሄዳል።

ይሁን እንጂ አንድ የሚያሳስበን ነገር አለ። የአፋር ስም በዓለም መማሪያ መጻሕፍት ተጽፎ ሳለ፣ በሐዳርና በሚሮ ዶራ አቅራቢያ ፍየል የሚጠብቅ ልጅ ምክንያቱን ሳይሰማ ሊያድግ ይችላል። የድንቅነሽ አጥንት የሚጠበቀው በአዲስ አበባ ነው። ፕራግ ያለ ተማሪ አይቷት፣ የሚሌ ተማሪ ስሟን እንኳ ካላወቀ፣ ሥራው ጣራ እንጂ መሠረት የሌለው ቤት ይሆናል። እንግዳው ልጁን «ይህ ቦታ ምንድን ነው?» ብሎ ሲጠይቀው መልስ ማግኘት አለበት። መልሱን የሚያስይዘው ደግሞ መምህሩ ነው።

በመሆኑም በማስተማር ልምምድ ስንወጣ የሚከተሉትን ማድረግ እንችላለን።

ሀ. በኅብረተሰብና በሳይንስ ትምህርት ውስጥ የሸለቆውን ግኝቶች በስምና በቦታቸው እናስተምር። ሙዚየም ባይኖርም በሸክላ ጭቃ የራስ ቅል ቅርጽ መሥራት፣ በግቢ ውስጥ የዓመታትን ርዝመት በእርምጃ መለካት ይቻላል።

ለ. ዳጉን የክፍል መልመጃ እናድርገው። ተማሪው አንድ ዜና ሲናገር «ያየሁት»፣ «ከእገሌ የሰማሁት»፣ «የገመትኩት» ብሎ ይለይ። ይህ ለጋዜጠኛም፣ ለዲፕሎማትም፣ ለዜጋም የሚሆን ልምድ ነው። አረጋውያንን ጋብዘን የዳጉን ወግ እንዲያስረዱልን ብንጠይቅ ደግሞ የተሻለ ይሆናል፤ እነርሱ ያውቁታል።

ሐ. ተማሪዎች እንግዳ የሆነ አጥንት ወይም የተጠረበ ድንጋይ ቢያገኙ እንዳያነሡት እናስረዳ። ከቦታው የተነሣ ቅርስ ዕድሜውን የሚናገርለት አፈር ይጠፋበታል። ቦታውን አስታውሰው ለወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ይንገሩ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992ም ቅርስን ያገኘ ሰው ማስታወቅ እንዳለበት ይደነግጋል።

መ. ለእንግዳ ስለ አገራችን ስንናገር ድርቁንም፣ ሙቀቱንም፣ የውኃ ችግሩንም አንደብቅ። ያየነውን እንዳየነው እንናገር። ችግሩን የደበቀ ሰው ቅርሱን ሲናገርም አይታመንም።

ማጠቃለያ

የሕዝብ ዲፕሎማሲ የመንግሥትን ዲፕሎማሲ አይተካም፤ ነገር ግን መንግሥታት ሲጣሉ ሕዝቦች የሚነጋገሩበትን በር ክፍት ያደርጋል። ዋናው ስንቁ መታመን ነው። ይህም በአንድ ቀን መግለጫ የሚገዛ አይደለም፤ በብዙ ዓመት እውነተኛ ቃል ይጠራቀማል፣ በአንድ ሐሰት ይባክናል። አፋሩ ይህን ከጥንት ጀምሮ በመንገድ ላይ ሲሠራበት ኖሯል። እኛም በጥቁር ሰሌዳው ፊት ብንሠራበት ለልጆቻችንም ለአገራችንም ይበጃል። የጎደለውን አንባብያን ይሙሉበት።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. የድንቅነሽ ወደ ውጭ መጓዝ ተገቢ ነበር ትላላችሁ? ጥቅሙንና አደጋውን አነጻጽሩ።

2. በ1977 ዓ.ም. መንግሥት እውነቱን አስቀድሞ ቢናገር ኖሮ ምን የሚለወጥ ነገር ነበር?

3. በዳጉ ሥርዓትና በዛሬው የስልክ ወሬ መካከል ያለውን ልዩነት ዘርዝሩ። የትኛው ነው ነጋሪውን ተጠያቂ የሚያደርገው?